ኡቡንቱ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይን እንዴት ማሠራት ይቻላል

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ መጣ። ኡቡንቱን (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት) ራሱ ጭኖበታል፤ ስክሪኑም ድምፁም ይሠራል፤ የዋይፋይ ምልክት ግን የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ያገኘውን ትእዛዝ ሁሉ ሲሞክር ሰንብቷል። የዋይፋይ ካርዱ፣ ማለትም ላፕቶፑን ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ አምራች ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን አያውቅም። ካርዱን ሳያውቁ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) መጫን ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው።

በመጀመሪያ ካርዱ ተዘግቶ እንዳይሆን ይመልከቱ። በብዙ ላፕቶፖች ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ሥዕል አለ፤ አንዳንድ የቆዩት ደግሞ በጎናቸው ትንሽ ማብሪያ አላቸው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «አርኤፍኪል ሊስት» ብለው በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ «አርኤፍኪል» የሚጻፈው አር፣ ኤፍ፣ ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል ተብሎ ነው። «ሶፍት ብሎክድ» ፊት ለፊት «የስ» ካለ ካርዱ የተዘጋው በሶፍትዌር ነው፤ «ሱዱ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል («ሱዱ» ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ነው)። «የስ» ያለው «ሃርድ ብሎክድ» ላይ ከሆነ ግን ማብሪያውን በእጅ መፈለግ ነው።

ካልተዘጋ የካርዱን ማንነት ይለዩ። ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚባሉትን አምስት የላቲን ፊደላት በትንንሹ አያይዘው ይጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትተው ሰረዝ፣ ከሰረዙም ጋር ሳይለያዩ ኤን ኤን ኬ ያክሉ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ያግኙ። ወደ መስመሩ መጨረሻ በሁለት ነጥብ የተለያየ ጥንድ ቁጥር በቅንፍ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያው የአምራቹ መለያ ነው። 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ ነው። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል ከሌለ ካርዱን የሚያዝዘው ድራይቨር አልተገኘም ማለት ነው።

ኢንቴልና አቴሮስ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግሩም፤ ድራይቨራቸው ከሊኑክስ ከርነል (ከሥርዓቱ እምብርት) ጋር ይመጣል። ካርዱ አዲስ፣ ኡቡንቱው የቆየ ከሆነ ግን ሥርዓቱን ማሻሻል ያስፈልጋል። ብዙ የሚያደክመው ብሮድኮም ነው፤ ለብዙዎቹ ካርዶቹ የሚያስፈልገው ድራይቨር ኮዱ ክፍት ስላልሆነ ለብቻው መጫን አለበት። የልጁም ካርድ 14ኢ4 ሆኖ ተገኘ።

ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ለዚህም አንድሮይድ ስልክዎ ይበቃል። ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ከሆትስፖት ቅንብሮች ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ገመዱ ኃይል መሙላት ብቻ ሳይሆን ዳታም የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ያንኑ ዋይፋይ ለላፕቶፑ ስለሚያካፍል የሞባይል ጥቅልዎ አይነካም። እኛ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ካለ ካፌ ተቀምጠን የካፌውን ዋይፋይ በዚህ መንገድ ተጠቀምን። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪውን ሞልተው ይጀምሩ፤ በመጫን መሃል ቢጠፋ ሥራው ይበላሻል።

ከዚያ «ሱዱ አፕት አፕዴት» («አፕት» ኤ፣ ፒ፣ ቲ ነው) ብለው ሊጫኑ የሚችሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያድሱ፤ ከፕሮግራሞች መካከል «አዲሽናል ድራይቨርስ»ን ይክፈቱ፤ የብሮድኮሙን ድራይቨር መርጠው «አፕላይ ቼንጅስ»ን ይጫኑ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። በላፕቶፑ ላይ «ሴኪዩር ቡት» (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር እንዳይሠራ የሚከለክል መከላከያ) በርቶ ከሆነ ኡቡንቱ በመጫኑ ሂደት የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ይጠይቅዎታል። ይህን ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉት። ላፕቶፑ ሲጠፋና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ማንኛውንም ቁልፍ ካልነኩ ያልፍዎታል፤ ድራይቨሩም ተጭኖ ሳለ አይሠራም። ልጁ በመጀመሪያው ሙከራ ይህን ስክሪን ብልሽት መስሎት ደንግጦ ነበር። ተረጋግተው «ኢንሮል ኤምኦኬ»ን፣ ቀጥሎ «ኮንቲኒው»ን፣ ከዚያ «የስ»ን ይምረጡ፤ የጻፉትን ቃል አስገብተው እንደገና ያስነሱት። አሁን በስክሪኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ በአካባቢዎ ያሉት ዋይፋዮች ይዘረዘራሉ።

ገና ላፕቶፕ ሊገዙ ከሆነ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ። ከፍላሹ አስነስተው «ትራይ ኡቡንቱ»ን ቢመርጡ የላፕቶፑ ዲስክ ሳይነካ ይከፈታል፤ ዋይፋይ ይታይ እንደሆነና የካርዱ ቁጥር ምን እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያያሉ።