ጅማ ላይ በነጻ ስንሮጥ የሠራናቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ጠዋት ስትሮጥ ያየህ ሰው ሁሉ የሚጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው። «ውድድር አለብህ እንዴ?» አገሩ የኃይሌና የቀነኒሳ ነዋ! ሩጫ ማለት ሜዳሊያ ነው። ለጨዋታው ብሎ የሚሮጥ ጎልማሳ ሥራ የፈታ ይመስላል።

እኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ሜትር እንሮጣለን። ክፍያ የለም፣ ሽልማት የለም፣ አለቃ የለም። ሐሳቡ የእኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፖል ሲንተን ሂዊት የሚባል፣ ተጎድቶ መሮጥ ያቃተው ሯጭ ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሰዓት ያዘላቸው። የዚያን ቀን የሮጠው 13 ሰው ነበር። ዛሬ ያው ሩጫ ፓርክረን ተብሎ በብዙ አገር በየሳምንቱ ይካሄዳል፤ አሁንም በነጻ፣ አሁንም በበጎ ፈቃደኞች። እኛ ስሙን ሳይሆን ዘዴውን ወሰድን። ስህተቱን ግን ከማንም አልተዋስንም፣ የራሳችን ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ እነሆ።

ጅሬን መውጣት

«አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጥተን ከተማውን ቁልቁል እያየን ብንጨርስስ?» አለ አንዱ። ሲወራ ያምራል። ጅማ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ትንፋሽ አይቸግርም ብለን ራሳችንን ሸወድን። የጅሬን ዳገት ግን ይህን አልሰማም። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣነው ግማሻችን ነን።

መንገድ ስትመርጡ ፈጣኑን ልጅ አታማክሩ። ቦርጭ ያለውን አማክሩ። አሁን የምንሮጠው ሜዳ ሜዳውን ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ሄደን፣ ዞረን በዚያው እንመለሳለን። መታጠፊያው አንድ ስለሆነ እዚያ የሚቆም አንድ ሰው ይበቃል። ደግሞ የፈጠነውም የዘገየውም መንገድ ላይ ይገናኛል። «አይዞሽ!» «በርታ!» የሚባባሉት እዚያ ነው። ባጃጅ የሚበዛበትን መንገድ ተዉት። ጭቃውንም አስቡበት፤ ጅማ ላይ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም።

ሽልማት

አንድ ደግ ነጋዴ አንደኛ ለሚወጣ 1,000 ብር እሰጣለሁ አለን። አጨበጨብንለት። ቅዳሜ ሲደርስ ቱታ የለበሱ፣ እግራቸው መሬት የማይነካ የሚመስል የክለብ ልጆች መጡ። እኛ መታጠፊያው ጋ ሳንደርስ እነሱ ጨርሰው ውኃ ይጠጣሉ። በማግስቱ ሳምንት ከወትሮው ሴቶች ግማሾቹ ቀሩ። አንዷን ገበያ አግኝቼ ብጠይቃት «እኔ ውድድር የት አውቄ!» አለችኝ። እኛኮ ውድድር አላልንም። ብሩ ነው ያለው።

እርግጥ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሁለቱንም ይችላል። ኃይሌ ካስጀመረው ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊት እውነተኛ ውድድር አለ፣ ከኋላው ደግሞ በዘፈንና በጭፈራ አሥር ኪሎ ሜትሩን የሚጨርስ ሕዝብ። እሱ ግን የዓመት በዓል ነው፤ ስፖንሰርም፣ ደመወዝተኛም አለው። በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር በዓል ሊሆን አይችልም። ብሩን መለስን። አሁን አንድ ደብተር አለን፤ ሰው ከስሙ ጎን ደቂቃውን ያጽፋል፣ የሚፎካከረውም ካለፈው ቅዳሜው ጋር ነው። ከክለቡ ልጆች አንዱ እስከ ዛሬ ይመጣል። ለምን እንደሚመጣ በኋላ።

ሁሉንም ለአንድ ሰው መተው

ይህን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ሰዓቱ እኔ ጋ፣ ደብተሩ እኔ ጋ፣ የሰዉ ስልክ ቁጥር እኔ ጋ። ትንሽ ሳልኮራበትም አልቀረሁም። አንድ ሳምንት ወባ ጣለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ መጥቶ፣ ቆሞ፣ እርስ በርሱ ተያይቶ ተበተነ። ነጻ ስለሆነ ባለቤት የለውም ማለት እንዳልሆነ የገባኝ አልጋ ላይ ሆኜ ነው።

ደቦ የምናውቅ ሰዎች እንዴት ይህ ይጠፋናል? አሁን እንደ እቁብ ዕጣ እናወጣለን። ሰዓት ያዥ፣ ጸሐፊ፣ መታጠፊያው ላይ የሚቆም፣ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ። ተራው የደረሰው የዚያን ቀን አይሮጥም። መጀመሪያ ላይ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። መታጠፊያው ላይ ስቆም ግን የሁሉንም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁ። ለካ ስሮጥ የማየው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ማን እያነከሰ እንደሚመጣ፣ ማን ዱዓ እያደረገ እንደሚሮጥ፣ የትኞቹ ሁለቱ ተጣልተው እንደነበርና አሁን ጎን ለጎን እንደሆኑ። አሁን ያን ተራ በእጅ መንሻ የሚለምን አለ።

ጥቃቅኖቹ

12፡30 ካላችሁ 12፡30 ጀምሩ። የሀበሻ ቀጠሮ ሁለት ቅዳሜ ከተፈቀደለት ሦስተኛው ላይ 1፡15 ይሆናል። ሳይነጋ ግን አትጀምሩ፤ ጅብ አይቶ ደቂቃውን ያሻሻለ ጓደኛ አለን፣ ዘዴውን አንመክርም። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱንና ርቀቱን ከሚጾሙት ጋር ተማከሩ። ጫማ የለኝም ብሎ የሚቀር ሰው ካለ ያላችሁን ጫማ አጥልቃችሁ ኑ በሉት። ካናቴራ አታሳትሙ፤ ያልገዛው እንግዳ ይሆናል። ደረቱን የጨመቀው ሰው ካለ ደግሞ ሩጫው እዚያው ይቁም፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ መበተን

ከሩጫ በኋላ ቡና አለ። ጅማ ነን፣ ሌላ ምን ሊኖር? አንድ ቅዳሜ አቦሉን ጠጥተን፣ ቶናው ቀርቦ እየተሳሳቅን ሳለ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንዲት እናት ብቅ አሉ። ረስተናቸዋል። ሰዓት ያዡም ሰዓቱን ኪሱ ከቶታል። «ስንት ገባሁ?» አሉ። ሁላችንም ስኒያችንን አየን።

ከሁሉም ኋላ የሚሄደውን ሰው የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። እረኛ እንለዋለን። ያ የክለብ ልጅ ነገር እዚህ ጋ ነው፤ እረኛነቱን ተራው ባይሆንም ይወስደዋል። ለእግሩ እረፍት ነው ይላል፤ እኔ ግን የእናታችንን ወሬ ወዶት ይመስለኛል። እየተጫወቱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳሉ። ጀበናውም እሳቱ ዳር ይጠብቃል፤ አቦል የሚቀዳው እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው።