ካርቡሬተር ስትመርጡ ትልቁን አታንሱ

ለቆየ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ሲገዛ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቁን በማንሳት ነው። መጀመሪያ አስሉ። የሞተሩን ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ያዙ፣ በደቂቃ በሚደርስበት ከፍተኛ ዙር አባዙት፣ ለ3456 አካፍሉት፣ ሲሊንደሮቹ በተግባር 85 በመቶ ያህል ስለሚሞሉ የወጣውን በ0.85 አባዙት። ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሼቭሮሌት በ6000 ዙር ሲሰላ 516 ሲኤፍኤም (በደቂቃ የሚያልፍ አየር በኪዩቢክ ጫማ) ግድም ይመጣል። 600 ይበቃዋል፤ ብዙም ላልተነካካ የመንገድ መኪና 750 መግጠም ጉራ ነው። በሩ ሲሰፋ አየሩ ዝግ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚኑን ስቦ የማውጣት ጉልበቱ ይደክማል፤ ከዝቅተኛ ዙር ፔዳሉን ስትረግጡት ሞተሩ ይንገዳገዳል።

ከባድና ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከሆነ ሁለተኛዎቹ በሮች (ብዙ አየር ሲፈለግ የሚጨመሩት) በቫኪዩም፣ ማለትም በሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል፣ የሚከፈቱትን ውሰዱ። በሜካኒካል (ከፔዳሉ ጋር በተያያዘ ዘንግ) የሚከፈተው ለቀላል መኪናና ለማኑዋል ማርሽ ይሁን።

ሆሊ የተባለውን የካርቡሬተር ምርት ከገዛችሁ ፓወር ቫልቩን (ሞተሩ ሲጫነው ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቀውን) ሳታዩ አትግጠሙ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ (ኦቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ) ቫኪዩሙን በጌጅ ለኩና ለሁለት ክፈሉ። 13 ኢንች (ሜርኩሪ) ካነበበ 6.5 የሚል ቁጥር ያለው ቫልቭ ይስማማዋል። የቫልቩ ቁጥር ከሚኒሞው ቫኪዩም ከበለጠ ሚኒሞ ላይም ክፍት ሆኖ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል።

የነዳጅ ግፊቱ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ይሁን። ካለፈ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ መዝጋት ያቅተውና ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚነዳ ደግሞ አየሩ ስስ ነውና ሜይን ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ዋና ቀዳዳ) በየ600 ሜትሩ አንድ ቁጥር አውርዱ።