ሞተር ሳይክል ቆሞ ሲወድቅ ጉዳቱን የሚያብሱ ስህተቶች

ቆሞ ወይም በዝግታ ሲዞር የወደቀ ሞተር ሳይክል ነጂውን ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ኪሱን ግን ይጎዳል። መሬት ቀድመው የሚነኩት የመሪው ጫፍ፣ ሌቫው (በጣት የሚሳበው የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን እጀታ)፣ ስፖኪዮው፣ ፍሬቻውና የእግር ማሳረፊያው ናቸው።

የሌቫ ማሰሪያን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ። የፍሪሲዮንና የፍሬን ሌቫ ከመሪው ጋር የሚታሰሩበት ቡሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሌቫው ሲመታ መሸሻ ያጣና ይሰበራል። ልኩ በመደበኛ አነዳድ የማይነቃነቅ፣ በመዳፍ በኃይል ሲገፉት ግን መሪው ላይ የሚዞር ነው። ከማሰሪያው ሥር አንድ ሁለት ዙር የቧንቧ ቴፍሎን ቢጠመጠም በደንብ ታስሮም ይዞራል። ስፖኪዮም እንደዚሁ። በብዙ የያማሃ ሞዴሎች የቀኙ ስፖኪዮ ጥርስ ተቃራኒ ስለሆነ በለመዱት አቅጣጫ ሊያጠብቁት የሚታገሉ ጥርሱን ይበሉታል።

ወፍራም ብረት ሁሉ ይከላከላል ብሎ ማሰብ። ብየዳ ቤት የሚሠራ የሞተር መከላከያ ትልቁ ችግሩ መወፈሩ ነው። በአንድ ነጥብ ብቻ የታሰረ ጠንካራ ቱቦላሬ (የቱቦ ብረት) ራሱ አይጎብጥም፤ ምቱን አብዝቶ ወደታሰረበት ቦታ ያስተላልፋል፣ ያኔ የሚሰነጠቀው የሞተሩ መያዣ ወይም ሻንሲው (ዋናው የአካሉ ብረት) ነው። መከላከያው መጀመሪያ መጉበጥ አለበት። በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይታሰር፣ ግራና ቀኙ በአንድ ብረት ይያያዝ፣ ከሞተሩ ሽፋን ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቅ። ሻንሲው ላይ አያስበይዱት፤ በቡሎን ይታሰር። ረዘም ያለ ቡሎን ካስፈለገ ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር (8.8 ወይም 10.9) ከድሮው አይነስ። ለልክ እንኳ ሞተር ሳይክሉ ላይ ነጥብ ብየዳ ከተደረገ አስቀድሞ ባትሪው ይነቀል፣ አለበለዚያ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሥራውን ከመረከብዎ በፊት መሪውን እስከ ጥግ ያዙሩ፣ የፊቱንም ተጭነው ያውርዱ፤ ጎማው ወይም የጭቃ መከለያው ብረቱን መንካት የለበትም።

የጎበጠ የማርሽ ሌቫን እዚያው በመዶሻ ማቅናት። ምቱ ወደ ዘንጉና ወደ ዘይት ጎሚኒው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ይሄዳል፤ ከዚያ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ቦታውን ምልክት አድርገው ይፍቱትና ውጭ ያቅኑት።

ዳገት ላይ በኖርማል (ማርሽ ሳያስገቡ) ማቆም። አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ የፊት ጎማውን ወደ ዳገቱ ያዙሩ። በክረምት ጭቃ ላይ ከጎን ማቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ያስገቡ።

መሪው ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን መያዝ። በዝግታ ሲዞሩ የኋላውን ብቻ ይጠቀሙ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ሲዞሩ ደግሞ የፊቱን ጭራሽ ይርሱት።

ሲወድቅ በእግር ለመያዝ መሞከር። ካዘነበለ ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። ይልቀቁት። ፍሬቻ በገበያ ይገኛል።

አንስቶ ወዲያው ማስነሳት። መጀመሪያ ቁልፉንና የቤንዚን መዝጊያውን ይዝጉ። በቀኝ ከወደቀ ከማንሳትዎ በፊት የጎን ማቆሚያውን ያውርዱ፣ ማርሽ ያስገቡ፤ ያለዚያ በሌላው ጎን ይደገማል። ካቆሙት በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ዘይቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የዘይት መጠኑንና የባትሪ አሲድ መፍሰሱን ይመልከቱ። ሞተሩ ሳይነሳ ጋዙን ስበው ይልቀቁት። የመሪው ጫፍ ተመትቶ እጀታውን ወደ ውስጥ ከገፋው ጋዙ ተይዞ ይቀራል፤ ራሱ ቷ ብሎ ካልተመለሰ እጀታውን ወደ ውጭ ሳያስተካክሉ አያስነሱት።