የኩባንያ ገንዘብ በአሜሪካ ኮንግረስ፦ መዝገብ ሲያገላብጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የአሜሪካ ሴናተር ከየትኛው ኩባንያ ስንት እንደተቀበለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር ማየት የተለመደ ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከትክክለኛ መዝገብ የተቀዳ ነው፤ ስህተቱ ያለው ከሥሩ በሚጻፈው አስተያየት ላይ ነው። የፌደራል ምርጫ ኮሚሽን የመዋጮ መዝገብም ሆነ ሎቢስቶች (ሕግ አውጪዎችንና ባለሥልጣናትን ለማግባባት የሚቀጠሩ ሰዎች) ለኮንግረስ የሚያስገቡት ሪፖርት ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም አይጠየቅበትም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰነድ አንዱን መዝግቦ ሌላውን ይተዋል፤ የሚተወውን ሳያውቁ የሚጽፉ ሰዎች የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች ደግሞ ተመሳሳይ ናቸው።

«ኩባንያው ለሴናተሩ ይህን ያህል ሰጠ» ማለት

ከ1907ቱ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቲልማን ሕግ ጀምሮ አንድ ኮርፖሬሽን ከራሱ ካዝና አውጥቶ ለፌደራል ዕጩ መስጠት አይችልም። በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ድምር የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የኩባንያው ፓክ (የፖለቲካ መዋጮ ኮሚቴ) ነው፤ ይህም ከኃላፊዎችና ከባለአክሲዮኖች በፈቃዳቸው የሚሰበሰብ ገንዘብ ሲሆን ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ5,000 ዶላር በላይ አይሰጥም። የፓርቲ ዕጩ መምረጫውና አጠቃላይ ምርጫው ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ጣሪያው 10,000 ይደርሳል። ሁለተኛው የሠራተኞች የግል መዋጮ ነው። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ሥራውና ቀጣሪው ስለሚመዘገብ፣ መረጃ አጠናቃሪዎች በቀጣሪው ስም ይደምሩታል። የአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ፕሮግራመር ለሚወደው ዕጩ 250 ዶላር ቢልክ በድርጅቱ ስም ይቆጠራል፤ ዕጩው ያንኑ ድርጅት እበትናለሁ እያለ የሚቀሰቅስ ቢሆን እንኳ።

ስለዚህ መጀመሪያ የፓኩን ድርሻ ለይተው ያውጡ። ከዚያ የሠራተኞቹን መዋጮ በቀንና በመጠን ይደርድሩት። ብዙ የበላይ ኃላፊዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ የግለሰብ ጣሪያውን (ለ2025–26 በአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር) ከሰጡ፣ አንድ ሰው አስተባብሮ ሰብስቧል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ዓመቱን ሙሉ የተንጠባጠበ ትንንሽ ገንዘብ ግን ስለ ኩባንያው ምንም አይናገርም።

የሎቢ ወጪን ከመዋጮ ጋር መደመር

በፌደራል ደረጃ ለሎቢ የሚወጣው በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ ግን ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያ እንጂ ለፖለቲከኛ የሚደርስ ገንዘብ አይደለም። በየሦስት ወሩ የሚገባው ሪፖርት የረቂቅ ሕጉን ቁጥር፣ ጉዳዩንና የተነጋገሩበትን ምክር ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ይጠቅሳል፤ የትኛውን አባል እንዳነጋገሩ ግን አይጠቅስም። «ሴናተር እገሌን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሎቢ አደረጉት» የሚል ዜና ካነበቡ ጸሐፊው ሰነዱን አልከፈተም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የራሱ ሎቢስቶች ያሉት ኩባንያ በሚያስገባው ሪፖርት ውስጥ ለውጭ የሎቢ ድርጅቶች የከፈለው ተካትቷል፤ የእነሱን ሪፖርት ደግመው ከደመሩ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ሌላው፣ አንዳንድ ኩባንያዎች በታክስ ሕጉ ትርጉም መሠረት መሙላትን ይመርጣሉ። ያኔ ቁጥሩ የክፍለ ግዛት ሎቢንም ስለሚጨምር በሌላ መንገድ ከሞላው ተፎካካሪያቸው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

በመዝገቡ ላይ የሌለ ሰው አልሠራም ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ለአንድ ደንበኛ ከሚሠራው ሥራ ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ ሎቢ ካልሆነ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ከሥራ የወጣ ሴናተር ለ2 ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለ1 ዓመት የቀድሞ ባልደረቦቹን ለሎቢ እንዳያነጋግር ይከለከላል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ማንን፣ መቼና በምን ቃል ማነጋገር እንደሚሻል ከመምከር ግን አይከለከልም።

ፓኩን ቆጥሮ ሱፐር ፓኩን መርሳት

በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሲትዝንስ ዩናይትድ መዝገብ ኩባንያዎች ለምርጫ ማስታወቂያ ያለ ገደብ ማውጣት ይችላሉ ብሎ 5 ለ4 ከወሰነና በዚያው ዓመት የስር ፍርድ ቤት በስፒችናው መዝገብ ከተከተለው ወዲህ፣ ሱፐር ፓክ ከኩባንያ ካዝና ያለ ገደብ መቀበል ይችላል። ለዕጩው መስጠትም ሆነ ስለ ማስታወቂያዎቹ ከዘመቻው ጋር መመካከር አይችልም፤ ማስታወቂያ ግን እንደ ልቡ ይገዛል።

በ2024 ምርጫ የክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ኩባንያዎቹ ኮይንቤዝና ሪፕል፣ እንዲሁም በዘርፉ ገንዘቡን ያፈሰሰው አንድሪሰን ሆሮዊትዝ፣ ፌርሼክ በተባለው ሱፐር ፓክ ውስጥ ገንዘብ አፈሰሱ። በካሊፎርኒያ ለሴኔት የተወዳደሩትን ኬቲ ፖርተርን ለመቃወም 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። በኦሃዮ የሴናተር ሼሮድ ብራውን ተፎካካሪ ለነበረው በርኒ ሞሬኖ 40 ሚሊዮን ገደማ ወጣ። ፖርተርን የተቃወሙት ማስታወቂያዎች ስለ ክሪፕቶ ምንም አላሉም። ዕጩውን በስሙ ፈልገው «የተቀበለው መዋጮ» የሚለውን ብቻ ካዩ ይህ ሁሉ አይታይዎትም። «ገለልተኛ ወጪ» (ከዕጩው ዘመቻ ውጭ ሌሎች የሚያወጡት) ወደሚለው ክፍል ገብተው «በመደገፍ» እና «በመቃወም» የሚሉትን ሁለቱንም ይዩ፤ የተፎካካሪውንም ስም ይፈልጉ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ባሉት 20 ቀናት 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ገለልተኛ ወጪ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚመዘገብ መጨረሻውን ሳምንት ሳይዘሉ ይመልከቱ።

የማይመዘገበው ደግሞ የሌሎቹ አባላት ፍርሃት ነው። ብራውን መሸነፉን ያየ እንደራሴ አንድ ዶላር ሳይቀበልና አንድ ዶላር ሳይወጣበት አቋሙን ሊያለዝብ ይችላል።

የሱፐር ፓኩን ለጋሽ የመጨረሻው ሰው አድርጎ መውሰድ

ለጋሹ «ማኅበራዊ ደኅንነት» በሚል የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ወይም የንግድ ማኅበር ከሆነ ሰንሰለቱ እዚያ ይቆማል፤ እነሱ የለጋሾቻቸውን ስም ይፋ የማድረግ ግዴታ የለባቸውም። ክፍተቱን በግምት አይሙሉት። «ምንጩ አይታወቅም» ብሎ መጻፍ በራሱ ዜና ነው።

«ጉቦ» ብሎ መጻፍ

በ2016 የቀድሞው የቨርጂኒያ ገዥ ማክዶኔል በሙስና በተከሰሱበት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስብሰባ ማመቻቸት ብቻውን ለጉቦ ወንጀል የሚያስፈልገው «ሥልጣናዊ ተግባር» አይባልም ብሏል። መዋጮን ጉቦ ብሎ መጥራት በክስ ሊያስጠይቅ ይችላል። ከዚያም በላይ አንባቢውን በፖስታ ታሽጎ የተሰጠ የማይገኝ ገንዘብ ፍለጋ ይመራዋል።

ድምፅ አሰጣጥን ብቻ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ገንዘቡ የሚሠራው ማን እንደሚሰማ፣ የትኛው ማሻሻያ እንደሚቀርብና የትኛው ከኮሚቴ እንደማይወጣ ሲወሰን ነው። በ2016 የታተመ አንድ ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። 191 የኮንግረስ ቢሮዎች የስብሰባ ጥያቄ ቀረበላቸው፤ ለአንዳንዶቹ ጠያቂዎቹ ለጋሾች እንደሆኑ ተነገራቸው፣ ለሌሎቹ አልተነገረም። ለጋሽ የተባሉት አባሉን ወይም ከፍተኛ ረዳቱን የማግኘት ዕድላቸው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

በ2003 የወጣው የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ሕግ መንግሥት ከመድኃኒት ኩባንያዎች ጋር ስለ ዋጋ እንዳይደራደር ከለከለ። ሕጉን ካዘጋጁት ኮሚቴዎች የአንዱ ሰብሳቢ የነበሩት ቢሊ ቶዚን በጥር 2005 የመድኃኒት አምራቾቹን ማኅበር በኃላፊነት ተረከቡ። በ2007 የተወካዮች ምክር ቤት ክልከላውን ለማንሳት ድምፅ ሰጠ፤ ሴኔቱ ግን ክርክሩን እንኳ አልከፈተም። ድርድር የተፈቀደው በ2022 ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 10 መድኃኒቶች ብቻ ተካተው አዲሶቹ ዋጋዎች ከ2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ከ2003 እስከ 2022 ባሉት 19 ዓመታት ውስጥ አንዱን ቼክ ከአንዱ ድምፅ ጋር ለማጣመር የፈለገ ሰው ብዙም አያገኝም ነበር።

መፈተሻው አድካሚ እንጂ ከባድ አይደለም። አባሉ ኮሚቴውን የተቀላቀለበትን ቀን ይያዙ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት የምርጫ ዙሮች ኮሚቴው ከሚቆጣጠረው ዘርፍ የመጣውን የፓክ ገንዘብ ያነጻጽሩ። ከተቀላቀለ በኋላ ከጨመረና ሲለቅ ከወረደ፣ ገንዘቡ የተከተለው ሰውየውን ሳይሆን ወንበሩን ነው። ከቀድሞም እኩል ከነበረ ግን ኩባንያዎቹ ቀድሞውኑ የሚስማማቸውን ሰው ደግፈዋል፤ «ገዙት» ለማለት የሚያበቃ ነገር በእጅዎ የለም።