ዜሮ ማቋረጫን የሚለይ ሰርኪውት ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ዜሮ ማቋረጫ ማለት የተለዋዋጭ ጅረት ቮልቴጅ በአዎንታዊና በአሉታዊ መካከል ሲሻገር ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት ነው። ደጋግሜ ያየሁትና አሁንም የሚያሳዝነኝ ስህተት ኮምፓራተርን (ሁለት ቮልቴጆችን አወዳድሮ ውጤቱን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ክፍል) ያለ ሂስተሪሲስ (ውጤቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገለበጥባቸውን ሁለት ወሰኖች ማራራቅ) መጠቀም ነው። 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሆነ ሞገድ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ዜሮን ያቋርጣል፤ ቮልቴጁ ወደ አንድ መቶኛ ዝቅ ከተደረገ በኋላ ግን በዜሮ አካባቢ በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚለወጠው 1 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ለኮምፓራተር እጅግ የዘገመ ጉዞ ስለሆነ፣ ጥቂት ሚሊ ቮልት ጫጫታ ብቻ ውጤቱን በአንዲት ማቋረጫ ላይ ደጋግሞ ያገለባብጠዋል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም እያንዳንዱን መገለባበጥ እንደ አዲስ ማቋረጫ ይቆጥረዋል።

ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ወደ ካፓሲተር ይሮጣሉ፤ እኔም ሮጫለሁ። ቆጠራው ተስተካከለልኝ፣ ትራያኩ (መሣሪያውን የሚያበራው የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ግን ካሰብኩት ጊዜ ዘግይቶ ይበራ ነበር፤ ምክንያቱን እስካገኝ ብዙ ደከምኩ። 500 ኸርዝ ላይ የሚቆርጥ (ከዚያ በላይ ያሉ ድግግሞሾችን የሚያዳክም) የረዚስተርና የካፓሲተር ማጣሪያ የ50 ኸርዙን ሞገድ 0.32 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል፤ 50 ኸርዝ ላይ የሚቆርጠው ደግሞ 2.5 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የግማሽ ዑደቱን ሩብ ይወስዳል። በአንጻሩ ከውጤቱ ወደ አዎንታዊው መግቢያ በሚመለስ ረዚስተር የሚገኝ የ50 ሚሊ ቮልት ሂስተሪሲስ፣ ከዜሮ በላይና በታች እኩል ከተከፈለ፣ የሚያዘገየው 25 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ሂስተሪሲሱን አስገቡ፤ ማጣሪያውን ካላነሳችሁትም መዘግየቱን አስልታችሁ በፕሮግራሙ አካክሱት።

በዳዮዶች ድልድይ ወደ አንድ አቅጣጫ ከቀና ሞገድ በኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን አሻግሮ ሁለት ሰርኪውቶችን የሚነጥል ክፍል) የሚገኘውን ምት ጠርዝ ዜሮው ራሱ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። የኦፕቶካፕለሩ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ በቂ ጅረት ሲያጣ ስለሚጠፋ፣ ምቱ ከዜሮው ቀድሞ ይጀምርና ካለፈ በኋላ ያበቃል፤ የምትፈልጉት መካከሉን ነው።

230 ቮልት ላይ የተገናኘ 100 ኪሎ ኦም ረዚስተር ከግማሽ ዋት በላይ ያሞቃል፤ ስለዚህ ሩብ ዋት አይበቃም። የሞገዱ ጫፍም 325 ቮልት ስለሚደርስ፣ ሁለት ወይም ሦስት ረዚስተሮችን በተከታታይ ማያያዝ ይሻላል።

የኦሲሎስኮፕን (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) የመሬት መቆንጠጫ ካልተነጠለ የ230 ቮልት መስመር ጋር በፍጹም አታገናኙ።

ዜሮ ላይ ማብራት ለሁሉም ጭነት (ለሚበራው መሣሪያ ሁሉ) ይበጃል ብሎ ማመንም ስህተት ነው። ለማሞቂያ መልካም ነው፤ ትራንስፎርመር ግን በቮልቴጁ ዜሮ ላይ ሲበራ የማግኔት ፍሰቱ ከመደበኛው ጫፍ እስከ እጥፍ ሊደርስና የብረት እምብርቱ ሊጠግብ ስለሚችል እጅግ ከፍተኛ የመነሻ ጅረት ይስባል፤ እርሱን በሞገዱ ጫፍ አካባቢ ማብራት ይመረጣል።