ውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ የመጀመሪያ ቤት ከመግዛትዎ በፊት

ደላላው በስልክ «35 ሺህ ይከራያል» ሲልዎ በ12 አባዝተው አይደሰቱ። ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ተጠየቀበት እንበል። ለስም ዝውውር የሚከፈለው አሹራ 4 በመቶ፣ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ የደላላ ኮሚሽን 2 በመቶ፣ ቀለምና ጥቃቅን ነገር ሲጨመር ወጪዎ ወደ 8.7 ሚሊዮን ይጠጋል። አሹራና ቴምብር የሚታሰቡት በከተማው ግምት ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ከኪራዩ በኩል ከዓመቱ አንዱን ወር ባዶ አድርገው ይቁጠሩ፤ 385,000 ብር። ለጋራ ሕንጻው ማኅበር 24,000፣ ለጥገና 30,000፣ ኪራይ ለሚሰበስብልዎ ሰው 38,500፣ ለኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ 50,000 ቢቀነስ የሚተርፍዎ 242,500 ነው። ካወጡት ገንዘብ 2.8 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

ስለዚህ «ኪራዩ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል» የሚለው አይሠራም። 4 ሚሊዮን በ16 በመቶ ቢበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 640,000 ብር አካባቢ ነው፤ ከኪራዩ የሚተርፍዎ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ልዩነቱ ከደመወዝዎ የሚወጣ ነው። ብድሩ በውጭ ምንዛሪ የሚመለስ መሆን አለመሆኑንም ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፦ ኪራይዎ ብር፣ ዕዳዎ ዶላር ከሆነ ብር በወረደ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። በሐምሌ 2016 ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል።

ኪራዩን በየዓመቱ እንደልብ ጨምሮ ማካካስም አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም በመንግሥት ይወሰናል። ክፍያው በባንክ ነው፤ ውሉም ይመዘገባል።

በርካሽ የሚቀርብ ኮንዶሚኒየም ሲያዩ መጀመሪያ ቤቱ በዕጣ ለደረሰው ሰው የተላለፈበትን ጊዜ ይጠይቁ። ባለ ዕጣው 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይችል አንዳንዱ «የብድር ውል» ጽፎ ውክልና ይሰጥዎታል። ይህ ግዢ አይደለም። ሻጩ ቢሞት ውክልናው ይቀራል፣ ወራሾቹም ቤቱን ይጠይቃሉ፤ በእጅዎ የሚቀረው የብድር ወረቀት ነው።

አምስት ዓመቱ የሞላውም ቢሆን ካርታውን (የባለቤትነት ማረጋገጫውን) አስይዘው ክፍለ ከተማው ድረስ ሰው ይላኩ። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበት የሚታወቀው ከፋይሉ እንጂ ከካርታው ፎቶ ኮፒ አይደለም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ካልፈረመ ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ ማስረጃ ያቅርብ። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ይህ ሁሉ ይጣራ፤ በሕጉ ቀብድ የሰጠ ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈገፍግ እጥፍ ይመልሳል።

ግብር ለማሳነስ «ውሉ ላይ 3 ሚሊዮን እንጻፍ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎ የተጻፈው ነውና እምቢ ይበሉ። ዋናውን ክፍያ ሰነዶች ማረጋገጫ በሚፈረምበት ዕለት በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ሰነድ) ይፈጽሙ።

ቤቱን የሚያይልዎ ሰው በቪዲዮ እየደወለልዎ ቧንቧውን ይክፈት፣ ሮቶው የት እንዳለ ያሳይ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ጥበቃውን ይጠይቅ። ከሪል እስቴት የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በካሬው ውስጥ የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ተደምሮ እንደሆነ ያጣሩ፤ 100 ካሬ ተብሎ የተሸጠ ቤት በሜትር ሲለካ ከዚያ በታች የሚሆነው በዚህ ነው።

የሌላ አገር ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ እንደ አገሬው ሰው ለመግዛት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልግዎታል። በመታወቂያው፣ በፓስፖርቱና በውክልናው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ የአያት ስም በአንዱ ገብቶ በሌላው ቢቀር የስም ዝውውሩ ይጓተታል። ቆንስላ ሄደው ውክልና ሲሰጡ የተዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ካለ ያሰርዙት፤ መግዛት፣ መዋዋልና ስም ማዛወር ይበቃል። ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ካርታው በስምዎ እንደወጣ የመጀመሪያውን ውክልና ሽረው ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበልና ግብር ለመክፈል ብቻ የሚል ሌላ ይስጡ።