ውጭ አገር የቀመሳችሁትን የማታውቁትን የጣፋጭ ቃና እንዴት ትለዩታላችሁ?

ኢስታንቡል ውስጥ ሙሃለቢ የሚባል የወተት ጣፋጭ አለ። ወተት፣ ስኳርና ስታርች ነው፤ በቃ። አንዳንድ ቤት ግን ስትቀምሱት ወተትም ቫኒላም ያልሆነ ነገር አፍንጫችሁን ያውደዋል። ብዙ ሰው "የሆነ ቅመም አለው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ያን ቃና ለይቶ ማወቅም፣ ቤት ገብቶ መሥራትም ይቻላል። ይህንኑ ሙሃለቢ ይዘን እንየው።

መጀመሪያ አፍንጫችሁን ያዙ

ሁለተኛውን ማንኪያ ስትጎርሱ አፍንጫችሁን በጣት ጨምድዱት። ምላስ ለብቻው የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጭ፣ ጨው፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ እና የሥጋ መረቅ ላይ የሚሰማው ኡማሚ የሚባለው። ሌላው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። አፍንጫችሁን ስትይዙ ጠፍቶ ስትለቁት የሚመጣው፣ የምትፈልጉት እሱ ነው። አይስክሬም ከሆነ ትንሽ ይቅለጥ፤ ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል።

አፍ ላይ የሚሰማው ሌላ ነገር ከጣዕሙ ጋር እንዳይምታታባችሁ። የቱርክ አይስክሬም እንደ ላስቲክ የሚሳበው በዋናነት ሳሌፕ በሚባል ዱቄት ነው፤ ከኦርኪድ ሥር ደርቆ የሚፈጭ። መሳቡ ሌላ፣ ሽታው ሌላ።

ከጓዳችሁ ጋር አስተያዩት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ አትቸኩሉ። ስልካችሁን አውጡና እዚያው ጻፉ፤ ማታ ሆቴል ስትገቡ ትዝታው ደብዝዟል። "ይጣፍጣል" ብሎ መጻፍ ግን የትም አያደርስም። "ምን ምን ይላል?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የእኛ ሰው በቅመም መሃል ስላደገ ማመሳከሪያ አያጣም።

አብሽ አብሽ ካለ፣ በተለይ ካናዳ ወይም አሜሪካ ከሆናችሁ፣ ሜፕል ሲረፕን ጠርጥሩ። ሁለቱ ውስጥ ሶቶሎን የሚባል አንድ ዓይነት የሽታ ንጥረ ነገር አለ። ትኩስ የባስማቲ ሩዝ ከሸተታችሁና ጣፋጩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ታይላንድ ወይም ማሌዥያ ውስጥ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፓንዳን የሚባል ቅጠል ነው፤ እዚህም የሽታው ንጥረ ነገር ከሩዙ ጋር አንድ ነው። የኮክ ዘር ሲሰበር የሚሸተውን መራራ አልሞንድ ካስታወሳችሁ ማህለብ ይሆናል። የዱር ቼሪ ዘር ውስጡ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፤ ግሪኮች የፋሲካ ዳቧቸው ውስጥ ይጨምሩታል። ሽቶ ሽቶ የሚል ከሆነ ወይ የጽጌረዳ ውሃ ነው ወይ የብርቱካን አበባ ውሃ፤ የብርቱካኑ ትንሽ መረር ይላል። የዱባይና የሪያድ ጣፋጭ ላይ ደግሞ ሄል ይበዛል። ሄል ለኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ግን ቀለል ያለና ብሩህ ሽታ አለው።

የኢስታንቡሉ ሙሃለቢስ? ጥድ ሲቆረጥ የሚመጣው ሽታ አለበት፣ ኋላ ላይ እጣን እጣን ይላል። ስለዚህ ሙጫ ነገር ነው ማለት ነው። ፍለጋው በአንዴ ጠበበ።

ስትጠይቁ ጥያቄውን አስተካክሉ

"ምን ምን አለበት?" ካላችሁ "ወተት፣ ስኳር" ትባላላችሁ። "ይሄን ሽታ የሚሰጠው ምንድን ነው? ጥሬውን ማየት እችላለሁ?" በሉ። ስሙንም በራሳቸው ፊደል ስልካችሁ ላይ ይጻፉላችሁ። ኢስታንቡል ውስጥ የሚነግሯችሁ "ዳምላ ሳክዙ" ነው። ይሄ ማስቲክ ነው፤ ኪዮስ የምትባለው የግሪክ ደሴት ደቡብ ክፍል ውስጥ የዛፍ ቅርፊት እየተሰነጠቀ የሚንጠባጠብ ሙጫ። ዩኔስኮ የኪዮስን የማስቲክ አመራረት ባህል በ2014 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስፍሮታል። ዛፉ የፒስታቺዮ ዘመድ ስለሆነ የፒስታቺዮ አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

የሚጠየቅ ሰው ከሌለ ሱፐርማርኬት ግቡና ተመሳሳይ የታሸገ ጣፋጭ ፈልጉ። በብዙ አገር ዝርዝሩ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለሚጻፍ ቃና ሰጪው ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

ቤት ውስጥ አረጋግጡ

እንደኔ ሳያረጋግጡ "አገኘሁት" ማለት አይቻልም። ኢስታንቡል ኤሚኖኑ ሰፈር ያለው የቅመም ገበያ፣ ምስር ቻርሺሲ የሚሉት፣ ሂዱና ጥቂት ፍሬ ማስቲክ ግዙ። ቤት ስትደርሱ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ ካልቀዘቀዘ ሙቀጫው ላይ ይጣበቃል። ምስር የምታህል አንዲት ፍሬ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ውቀጡ። ካበዛችሁት ይመራል። ሁለት ኩባያ ወተት አሙቁ፤ አንዱ ውስጥ የተወቀጠውን፣ ሌላው ውስጥ ያን ያህል ስኳር ብቻ ጨምሩ። ሌላ ሰው ቦታቸውን ይቀያይርላችሁና የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ቅመሱ።

ልዩነቱ ከተሰማችሁ ግን ከኢስታንቡሉ ጋር ሙሉ በሙሉ ካልገጠመ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ይሆናል። ማስቲክና የጽጌረዳ ውሃ በብዙ የአካባቢው ጣፋጮች ውስጥ አብረው ይገባሉ። ማስቲክ ያለበት ኩባያ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የጽጌረዳ ውሃ ጨምሩና እንደገና ቅመሱት።